«ሲነሱ ይወድቃሉ፤ ለማንም አትንገሪ ይሉኛል»

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አባቴ ነው። ዕድሜያቸው 67 ነው። በደርግ ጊዜ ዘምተው ግራ እግራቸውን በፍንጣሪ ተመትተዋል፤ ዛሬም ሌሊት ሌሊት እንደ እሳት ያቃጥላቸዋል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ናቸው። አንድ የቡና መጋዘን ይጠብቃሉ፤ አንድ ሌሊት ገብተው አንድ ሌሊት ያርፋሉ።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ከተኙበት ወይም ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ይንገዳገዳሉ። «ዓይኔን ጨለመኝ» ብለው ግድግዳ ይይዛሉ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዳሉ። ሁለት ጊዜ ግን ወድቀዋል፤ አንዴ ሌሊት ሽንት ሊሸኑ ሲወጡ በረንዳ ላይ፣ አንዴ ደግሞ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው የጭነት መኪና ሲያስገቡ። ሱብሂ ሲሰግዱም ከሱጁድ ተነስተው ሲቆሙ ሲወዛወዙ አይቻለሁ።

ጤና ጣቢያ ሲለኩ ግፊታቸው ሁሌም ከፍ ያለ ነው፤ 150፣ 160። ስለዚህ ክኒን ይጨመርላቸዋል። ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዱ ነበር። ከሌላ ክሊኒክ ለእግራቸው ቃጠሎ አሚትሪፕቲሊን፣ ከሦስት ወር ወዲህ ደግሞ ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን ታዞላቸዋል። በጥበቃ ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ጫት ይቅማሉ። ለሁለተኛ ጊዜ ከወደቁ በኋላ ተናደው የግፊቱን ክኒኖች እርግፍ አድርገው ተዉ። ጎረቤቶቼ «ግፊቱ ወርዶባቸው ነው፣ ጨው በጥብጠሽ አጠጪያቸው» ይሉኛል። አባቴ በቅዠት እየጮሁ ስለሚነሱ አሜሪካ ያለው ወንድሜ «እዚህ የቀድሞ ወታደሮች ለቅዠት የሚወስዱት ፕራዞሲን የሚባል አለ፣ እልካለሁ» ይላል።

እሳቸው የሚሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ወደቀ ከተባለ ከሥራ ያስወጡኛል። በልጄ እጅ ተይዤም ሐኪም ቤት አልሄድም።» ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ቃሌን ብጠብቅ ይወድቁብኛል፤ ባፈርስ ደግሞ ዳግመኛ አያምኑኝም። ምን ላድርግ?

ፋ. ነኝ፣ ከጅማ

መልስ፦

ውድ ፋ.፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ ጤና ጣቢያ ግፊታቸውን ሲለኩ ቆመው ያውቃሉ? እንደምገምተው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ነው የተለኩት። ቁጭ ብሎ 155 የሆነ ሰው ሲቆም 115 ሊሆን ይችላል። ያኔ ቁጭ ብለው ለለካቸው የጤና ባለሙያ ግፊታቸው ከፍተኛ ነው፤ በረንዳ ላይ ሲወድቁ ለምታዪው ለአንቺ ግን ዝቅተኛ ነው። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። እስካሁን መድኃኒቱ ሲጨመር የነበረው ግን በአንዱ ቁጥር ብቻ ነው።

ስንቆም ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚሆን ደም ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል። አንገት ላይ ባሉት ትልልቅ ደም ሥሮችና ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ሥር ላይ ግፊትን የሚከታተሉ ነርቮች አሉ፤ እነሱ ወዲያው ለአንጎል ይናገራሉ፣ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ልብ ትፈጥናለች። ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ካልሆነ ለአንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል። ዓይን ይጨልማል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ጉልበት ይከዳል፤ አንዳንዱን ሰው ማጅራቱንና ትከሻውን ያመዋል። ጋደም ሲል ይለቀዋል። በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ሲቆሙ ግፊት የመውረድ ችግር አለ ይባላል። ተኝተው ግፊታቸው ከፍ የሚል ሰዎች ላይ ግን ችግሩ አለ የሚባለው የላይኛው 30 ሲወርድ ነው።

አሁን ክኒኖቹን እንያቸው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚያሸና መድኃኒት ነው፤ ውኃና ጨው ከሰውነት ያወጣል። አሚትሪፕቲሊን የነርቭ ሕመምን ያስታግሳል፣ ነገር ግን ደም ሥር በጊዜው እንዳይጠብብ ያደርጋል። ታምሱሎሲን የፕሮስቴትንና የፊኛ አፍን ጡንቻ ለማላላት የተሠራ ቢሆንም በመጠኑ ደም ሥርንም ያላላል። ባዶ ሆድ ሲወሰድ ደግሞ ወደ ደም የሚገባው መጠን ስለሚጨምር ይበረታል፤ ሁልጊዜ ከአንድ ዓይነት ምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይውጡት የሚባለው ለዚህ ነው። አባትሽ ጫት በቃሙበት ሌሊት ራት ይበላሉ? የሚቅም ሰው ምግብ አያሰኘውምና ታምሱሎሲኑን በባዶ ሆድ እየዋጡት ሊሆን ይችላል።

ስለ ጫት አንድ ልጨምር፤ ተዪው ያልኩሽ አይምሰልሽ፣ እሳቸውም ጅማ ተቀምጠው ይህን ለመስማት ትዕግሥት አይኖራቸውም። ጫት በሚቃምበት ሰዓት ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ ስለዚህ ከቃሙ በኋላ የተለካ ቁጥር ያሳስታል። ሽንትም እንዲዘገይና ቀጠን ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል። ታምሱሎሲኑ የታዘዘው ደግሞ ለዚያው ለሽንት መቸገር ነው። ሐኪሙ መቃማቸውን ካላወቀ አንዱ የሚያጠብቀውን ሌላው እያላላ ሊቀጥል ነው። ይህን ለሐኪሙ መንገር ያለባቸው እሳቸው ናቸው።

ፍንጣሪውንስ? የመታቸው እግራቸውን ብቻ ከሆነ ቁስሉ ራሱ ግፊት አያወርድም። ግፊትን የሚቆጣጠሩት ነርቮች የሚጎዱት አከርካሪ ውስጥ ያለው ሕብለ ሰረሰር ከደረት መካከል በላይ ሲመታ ነው፤ ጀርባቸውን ተመትተው እንደሆነ ጠይቂያቸው። የግራ ባታቸው ከሳስቶ ከሆነ ግን አንድ ነገር አለ። ደምን ከእግር ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ እሱ ሲደክም ዝም ብሎ መቆም ይከብዳል። እንደ እኔ ግምት ከፍንጣሪው ይልቅ ለፍንጣሪው ሕመም የሚዋጠው ክኒን ነው በብዛት እየጣላቸው ያለው። ቅዠቱም አለበት፤ ከከባድ እንቅልፍ ጮኾ ብድግ ያለ ሰው ቁጭ የማለት ጊዜ እንኳ አያገኝም፣ ከመኝታው በቀጥታ ይቆማል።

ወደ ቃልሽ እንምጣ። አባትሽ የፈሩት ማንን ነው? አሠሪያቸውን ነው። ያሳፈራቸው ደግሞ በልጅ እጅ መያዙ ነው። ሐኪም ከሁለቱም ውጭ ነው። ስለዚህ «ለመጋዘኑ ሰዎችና ለጎረቤት አልናገርም፣ ሐኪሙ ግን ማወቅ አለበት» ብትያቸው ቃልሽን አፈረስሽ አይባልም። ድንበሩንም አስቀድመሽ አሳውቂያቸው፤ «አባባ፣ ራስዎን ስተው ከወደቁ ወይም ጭንቅላትዎ ከተመታ አላማክርዎትም፣ ይዤዎት እሄዳለሁ።» በኋላ ድንገት ከሚሆንባቸው ዛሬ ቢሰሙት ይሻላቸዋል።

ወሬውን ከየት እንደምትጀምሪውም ላሳይሽ። ሰልፍ ላይ ጉልበቱን ቆልፎ ፀሐይ ላይ የቆመ ወታደር ድፍት ሲል ማንም ዘማች አይቷል። «ፈሪ ነው» የሚለውም የለም፤ ደም እግር ላይ እንደሚቀር፣ ጣትን በጫማ ውስጥ ማንቀሳቀስ እንደሚረዳ ሠራዊት ውስጥ የቆየ ሰው ያውቀዋል። እሱን ጠይቂያቸውና ይንገሩሽ። የሰልፉ መውደቅና የእሳቸው በመንስኤ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ደም ወደ እግር መውረዱ ግን ያው ነው። ከዚያ ሐኪም ቤት እንሂድ ከማለትሽ በፊት «ሦስት ቀን እንለካ» በያቸው። ልኬቱን የሚመዘግቡት እሳቸው ይሁኑ፤ የዘብ መዝገብ ሲሞሉ የኖሩ ሰው አይከብዳቸውም።

አለካኩ እንዲህ ነው። በክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል መለኪያ ፈልጊ፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል። ካልተገኘ ነርስ የሆነ ዘመድ ወይም ጎረቤት ቤት መጥቶ ይለካ። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ሳያወሩ 5 ደቂቃ በጀርባቸው ይተኙና ይለኩ። ከዚያ ይቁሙ፤ በ1 ደቂቃ አንዴ፣ በ3 ደቂቃ አንዴ። ቆመው ሲለኩ ክንዳቸው ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ስለዚህ አንቺ ክንዳቸውን ከልብ ትክክል ደግፈሽ ያዢ። ከኋላቸው ወንበር ይኑር፤ ከዞረባቸው ወዲያው ይቀመጡ፣ ሦስት ደቂቃ ለመሙላት ብለሽ አታቁሚያቸው። የላይኛውን፣ የታችኛውንና የልብ ምቱን ይጻፉ፤ የተሰማቸውንም ከጎኑ። በዚያው ቀን ትልቁን ምግብ ከበሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ማታ ደግሞ ወደ ሥራ ከመውጣታቸው በፊት ይድገሙት። የጠዋቱ ልኬት አደራ እንዳይዘለል፤ ብዙ ጊዜ መውረዱ የሚብሰው ያኔ ነው።

የልብ ምቱን መጻፍ የሚረሳ ብዙ ነው፤ ለሐኪሙ ግን ትልቅ ፍንጭ ነው። ለምሳሌ ተኝተው 158 በ88፣ ምት 72፤ በ3 ደቂቃ 118 በ74፣ ምት 76 ቢሆን፣ ግፊቱ 40 ወርዶ ምቱ 4 ብቻ ነው የጨመረው። ግፊት በዚህ ያህል ወርዶ ምቱ 15 እንኳ ካልጨመረ ነርቮቹ ትእዛዝ እያደረሱ እንዳልሆነ ይጠረጠራል፤ ስኳር በሽታና ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ በሽታ እንዲህ ያደርጋሉ። የልብ ምትን የሚያዘገይ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ግን ይህ ፍንጭ አይሠራም። ምቱ በጣም ከፈጠነ ደግሞ የውኃ ማነስ ወይም የደም መፍሰስ ይታሰባል። ለእግራቸው ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ከሱቅ እየገዙ ይወስዳሉ? ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል? እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራ ያደማሉ፣ ግፊትም ይጨምራሉ።

ሐኪም እስኪያዩ የሚደረገው ብዙ ነው። ሌሊት ሽንት ለመሽናት በረንዳ ላይ አይውጡ፤ ከአልጋቸው አጠገብ ፖፖ ወይም ሰፊ አፍ ያለው ጆግ ይኑር፣ ቁጭ ብለው ይሽኑ። ቆሞ መሽናት ራሱ ግፊት ይጥላል። በአልጋው ራስጌ በኩል ካሉት እግሮች ሥር ጡብ አስገብተሽ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጊው። ትራስ መደራረብ አንገት ከማጠፍ በቀር አይረዳም፤ መላው አልጋ ነው ማዘንበል ያለበት። ይህ ሌሊት ተኝተው የሚጨምረውን ግፊት ይቀንሳል፣ ሽንቱንም ያሳንሳል፣ ጠዋት ሲነሱም መውረዱ ይቀልላል። አልጋው ጎን የማይንሸራተት ከባድ ወንበር አስጠግተሽ ደብዘዝ ያለ መብራት ተዪ፤ በቅዠት ቢነሱ እጃቸው መጀመሪያ የሚያገኘው ወንበሩን ይሁን። ሲጮኹ ሄደሽ አትንኪያቸው፤ ከእግርጌያቸው ራቅ ብለሽ በስማቸው ጥሪያቸው።

ለሱብሂ ሲነሱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ወደ ታች ያውርዱ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን 20 ጊዜ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፣ ጡጫቸውን ይጨብጡ ይፍቱ። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ውኃ ከአልጋው አጠገብ አድሮ በሦስትና አራት ደቂቃ ይጠጡት። ቀስ በቀስ መጎንጨት ያን ያህል አይረዳም፤ ቶሎ የተጠጣ ንጹሕ ውኃ ነው በአሥር ደቂቃ ገደማ ግፊት ማንሳት የሚጀምረውና ለአንድ ሰዓት ያህል የሚደግፈው። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ችግር አለባቸው ከተባለ ግን ውኃውን ሐኪም ሳይፈቅድ እንዳትጀምሪው። ውዱእ ቁጭ ብለው ያድርጉ። ሶላቱንስ ለጊዜው ወንበር ላይ ቢሰግዱ? መቆም ላቃተው ተቀምጦ መስገድ እንደተፈቀደ እሳቸው ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ከእኔና ከአንቺ ሳይሆን ከሰፈራችሁ ኢማም ቢሰሙት ደግሞ ይበልጥ ይቀበሉታል። ረመዳን ከመግባቱ በፊት የክኒኖቹን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል አለባችሁ፤ መፆም ይችሉ እንደሆነም ጠይቁት።

ቀን ቀን ምግቡን ከፋፍለሽ አቅርቢ፤ አንድ ትልቅ ሳህን ከበሉ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ግፊት ሊወርድ ይችላል። ቡናውን አልከለክልም፣ ከምግብ ጋር ቢሆን እንዲያውም አንዳንዱን ሰው ይረዳል። ፋርማሲ ውስጥ ለወለዱና ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ሰዎች የሚሸጠው ባለ ላስቲክ የሆድ ማሰሪያ ለእሳቸውም ይሆናል፤ ሳይነሱ ይታሰር፣ ሊተኙ ሲሉ ይፈታ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥብቅ ካልሲ ግን ብዙም አይጠቅም፤ ብዙው ደም የሚጠራቀመው ሆድ ውስጥ ነው።

መጋዘኑ በር ላይ ሲሆኑ ቀጥ ብለው አይቁሙ። እግራቸውን አጣምረው ጭናቸውንና መቀመጫቸውን ያጥብቁ፣ ተረከዛቸውን ያንሱ ያውርዱ። ዓይናቸው መጨለም ከጀመረ ወዲያው ቁጢጥ ይበሉ፤ ሰው ካየ ጫማ እንደሚያስሩ ይመስላል። አንድ ጥያቄ ግን መሸሽ አልችልም፤ የሚጠብቁት በመሣሪያ ነው? ከሆነ ሐኪም እስኪያያቸው ጠመንጃ ይዘው ባይገቡ ይሻላል። «ሕክምና ላይ ነኝ» ብለው የሁለት ሳምንት ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አይጠበቅባቸውም።

ክኒኖቹን በቁጣ ማቆማቸው ያስፈራኛል። ተኝተው 160 የሚሆን ግፊት ሳይታከም ሲቀር ስትሮክ ያመጣል፤ ሲቆሙ መውረዱንም ውሎ አድሮ ያብሰዋል እንጂ አያሻለውም። ግን «እሺ ነገ ሁሉንም ይዋጡ» እንዳትያቸው፤ ቀናት ያቋረጠ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲጀምር ድንገት ይወርድበታል። በዚሁ ሳምንት የሁለቱንም ክሊኒክ ክኒኖች፣ ከሱቅ የተገዙትንም፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ከነመዝገቡ ሂዱ። ጤና ጣቢያው ካልሆነላችሁ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የውስጥ ደዌ ክፍል አለላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚያሸናው ይነሳል ወይም ይቀየራል፣ የአሚትሪፕቲሊኑ መጠን ይቀነሳል ወይም በሌላ ይተካል። የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራም ይጠየቅ። ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ጥቂት ብቻቸውን ተያቸው። ወንዶች ለልጃቸው የማይነግሩት ክኒን አለ፤ ሲልዴናፊል ከታምሱሎሲን ጋር ሲሆን በደንብ ግፊት ይጥላል።

ጨው መበጥበጡ ይቅር። ጨው የሚጨመረው ተኝተው ግፊታቸው ለማይጨምር ሰዎች ነው፣ እሱም በሐኪም። ለወንድምሽም መልሺለት፤ ሩቅ ያለ ልጅ ክኒን መላክ ይቀናዋል፣ በፍቅር ነው። ፕራዞሲን ግን እንደ ታምሱሎሲን ደም ሥር የሚያላላ ነው፣ በዚህም ይበረታል፤ የመጀመሪያው ክኒን ብቻውን ጤነኛ ሰው ሊጥል ይችላል። እዚያው አሜሪካ በቀድሞ ወታደሮች ላይ ተሠርቶ በ2018 የወጣው ትልቅ ጥናት ለቅዠት መድኃኒት ከሌለበት የማስመሰያ ክኒን የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ገንዘቡን ለግፊት መለኪያው ይላክ። ለቅዠቱ ያለ ክኒን በንግግር የሚሰጥ ሕክምናም አለ፤ በዚያው ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለና ግፊታቸው ከተስተካከለ በኋላ አንሺላቸው፣ ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጊባቸው።

እንደገና ከወደቁ ጎትተሽ አታስቀምጪያቸው። በጀርባቸው አስተኝተሽ እግራቸውን ከፍ አድርጊ። ክብሪት ማሽተትም፣ አፋቸው ውስጥ ውኃ ማፍሰስም አያስፈልግም። ቁጭ ብለው ወይም ተኝተው ሳለ ራሳቸውን ከሳቱ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከወደቁ፣ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ልባቸው በዘፈቀደ ከመታ፣ አንድ ጎናቸው ከዛለ ወይም አፋቸው ከተሳሰረ፣ ጭንቅላታቸው ከተመታ፣ ሰገራቸው ከጠቆረ መዝገቡን ሳትጠብቂ በባጃጅም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል አድርሻቸው።

የሦስቱን ቀን ቁጥሮች ከእያንዳንዱ ክኒን መጠንና ከሚዋጥበት ሰዓት ጋር ብትልኪልኝ ለሐኪሙ የምታቀርቡትን ጥያቄ አብረን እናዘጋጃለን።